ልጄን የጋረደችብኝ ልጅ

ሰኞ፣ ኅዳር 23

አምስት ሆነው ነው የገቡት። ወንድሜ ሙሉጌታ ከፊት፣ ከኋላው ሁለት የዕድር ሽማግሌዎች፣ ጎረቤቴ ዘሐራ፣ ከሁሉም ኋላ የነፍስ አባቴ። ገና አልነጋም፤ የሰፈራችን መስጂድ አዛን እያለ ነበር። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ሳይ ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅኩም። ያለኝ ሁለት ልጅ ነው። ቤዛ ከኋላዬ ቆማለች። ስለዚህ ታምራት ነው።

ሙሉጌታ «እታለም፣ በርቺ» አለኝ።  ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጩኸቴን ብቻ ነው።

ይህ የሆነው ጥቅምት 21 ነው። ዛሬ ሠላሳ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አርባው ሊደርስ አንድ ሳምንት ቀረው። ቤዛ ያልጨረሰችውን ደብተር ሰጠችኝና «እማዬ፣ ለኔ ደጋግመሽ ከምትነግሪኝ እዚህ ጻፊው» አለችኝ። ሰልችቷታል። አልፈርድባትም፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ማጥናት አለባት። እኔ እስከ ስምንተኛ ተምሬአለሁ። እጄ ቀርፋፋ ነው እንጂ መጻፍ አያቅተኝም።

የምጽፈው ስለ ታምራት ቢሆን ደስ ባለኝ። ችግሬ ይህ ነው። የምጽፈው ስለ ሐያት ነው።

ሐያት ኮምቦልቻ፣ ልጄ በተከራየበት ግቢ፣ ከጎኑ ያለው ክፍል ውስጥ የምትኖር ልጅ ናት። ሁለቱም አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ነበር የሚሠሩት። ወባ ይዞት ጭንቅላቱ ላይ ሲወጣ ሐኪም ቤት የወሰደችው እሷ ናት፤ ማታ አንድ ሰዓት ላይ። ሌሊቱን ሙሉ ከአጠገቡ አልተለየችም። ይህን የነገሩኝ የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፣ ከቀብር መልስ። ሙሉጌታን ማን ነገረህ ስለው «ከዚያው ነው የደወሉልኝ፣ ካለፈ በኋላ» አለኝ።

ከኮምቦልቻ ደሴ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ስልኬ ራስጌዬ ነበር። ልጄ ሲያጣጥር ሌሊቱን ሙሉ አየችው፤ እናቱ ጋ አልደወለችም።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ዛሬ ስለ እሷ ያሰብኩባቸውን ሰዓቶች ልጻፍ ብዬ ጀመርኩ።

ስነቃ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ።
ፊቴን ስታጠብ።
ጉልት ላይ ሽንኩርት ስመዝን። ሁለት ኪሎ ላለችኝ ሴት ሦስት መዘንኩላት። ዝም ብላ ይዛ ሄደች።
ሰው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲለኝ። አሜን እያልኩ እሷን አስባለሁ።
ምሳ ስበላ። ስላሰብኳት ምሳውን መብላቴን አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት፤ የማላስብበትን ብቆጥር ይቀለኛል።

ቤዛ ቴሌግራም ላይ የሐያት ፎቶ አለ። ቀይ ሂጃብ ለብሳ፣ አንድ ዓይኗን ከፀሐይ ጨፈን አድርጋ። ቤዛ ትምህርት ቤት ካልሄደች ስልኳን እየወሰድኩ አየዋለሁ። «ኦንላይን» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጋለሁ። አሁን ከማን ጋር ነው የምታወራው? ትስቅ ይሆን? የሌሊት ፈረቃ የምትገባበትን ሳምንት ሁሉ አውቄዋለሁ።

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፦ ታምራትን ላስብ ዓይኔን ስጨፍን እሷ ትመጣለች። ፊቱን ልይ ስል ፊቷ ይቀድማል። ሃያ አራት ዓመት ያየሁትን ፊት በአንድ ፎቶ ጋረደችብኝ። ከሰለስቱ ወዲህ ለልጄ አልቅሼ አላውቅም። የማለቅሰው በንዴት ነው። አርባው ሳይደርስ ልጄን አግኝቼ ላለቅስለት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ከሰዓት ዘሐራ መጣች። ምስር ለቀማ ልታግዘኝ ነው። እኔ ደግሞ ጀመርኩላት፤ እንዲህ አድርጋ፣ እንዲያ አድርጋ፣ ልቧ ድንጋይ ነው፣ አልኳት። ዘሐራ ሰፌዱን አስቀመጠችና «አንቺ የሺ፣ የሞተው ታምራት መስሎኝ ነበር እኮ፤ ሐያት ናት እንዴ? ወላሂ የማን ለቅሶ እንደምደርስ ግራ ገባኝ» አለች።

ተቆጣሁ። «የሃይማኖትሽ ልጅ ስለሆነች ነው የምታዝኚላት» አልኳት።

«የአያትሽ ወንድም ሼህ አልነበሩም እንዴ? እኔ ነኝ ያሰለምኳቸው?» አለችና ሰፌዷን አንስታ መልቀሟን ቀጠለች። ብትሄድ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። አልሄደችም። እስኪመሽ ለቀመች።


ረቡዕ፣ ኅዳር 25

የነፍስ አባቴ ስለ አርባው ቅዳሴ ሊነጋገሩ መጡ። ጾም ስለሆነ የሚቀርበው ሽሮና ምስር፣ ጎመን፣ ድንች ነው። ያንን ጨርሰን ሊነሱ ሲሉ ነገርኳቸው።

«አባ፣ ለልጄ ልጸልይ እቆማለሁ፤ ሳላውቀው ያቺን ልጅ እየረገምኩ እገኛለሁ።»

«ስንት ጊዜ ረገምሻት?»

«በየቀኑ።»

መቋሚያቸውን ተደገፉ። «ልጅሽን እኛ በፍትሐት ፈትተነዋል። እሷን አንቺ አስረሻታል። እስረኛ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ቀን ከሌት በር ላይ ተቀምጠሽ አንቺም አብረሽ ታስረሻል» አሉኝ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«በልብሽ ስትጠይቂያት ከረምሽ። መለሰችልሽ?»

«አልመለሰችልኝም።»

«እንግዲያው በአፍሽ ጠይቂያት።»

እስከዚያው ድረስ በመጣችብሽ ቁጥር አባታችን ሆይ ድገሚ አሉኝ። እስከ ስድስት ሰዓት ሠላሳ አንድ ጊዜ ደገምኩ። ጉሮሮዬ ደረቀ። በሠላሳ ሁለተኛው ላይ «ፈቃድህ በሰማይ እንደሆነች» የሚለው ጋ ስደርስ ተናደድኩና አቆምኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

አንድ ጥሩ ነገር፦ በርበሬ ስቀነጥስ እጄ ዓይኔን ነካውና ሲያቃጥለኝ ሩብ ሰዓት ያህል ምንም አላሰብኩም። ደስ አለኝ ማለት ይቻላል።


ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ኮምቦልቻ ሄጄ ነበር። ለቤዛ ፒያሳ ነጠላ ልገዛ ነው አልኳት። የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም ነበር፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ወረደ። ከታች ፀሐይ ነው።

ፋብሪካው በር ላይ ቆምኩ። ፈረቃ ሲወጣ ልጆቹ እንደ ጎርፍ ናቸው። ሁሉም በታምራት ዕድሜ ናቸው። አንዲት ቀይ ሂጃብ የለበሰች ልጅ ሳይ ሮጬ ክንዷን ያዝኩ። ዞር ስትል ሌላ ናት። ደንግጣ «ማዘር፣ ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። ጓደኛዋ «ተያቸው፣ አእምሯቸው ልክ አይደለም መሰለኝ» ስትል ሰማሁ። ጥቁር ልብሴን አየችና ደግሞ አፈረች።

ጥበቃው ውሃ ሰጠኝ። ተመለስኩ። ቤዛ ነጠላው የታለ አላለችኝም።


ዓርብ፣ ኅዳር 27

አገኘኋት።

ዛሬ ፋብሪካው ጋ አልሄድኩም፤ ታምራት ወደ ተከራየበት ግቢ ነው የሄድኩት። አከራይዋ በርጩማ አወጣችልኝ። ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ሐያት መጣች። ከፎቶው ትከሳለች። ቅንድቧ ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። ልጄም እንዲህ ብናኝ ይዞ ነበር የሚመጣ። ስታየኝ ቆመች፤ ከዚያ መጥታ ጉልበቴን ሳመችኝ።

«እትዬ የሺ» አለች። ስሜን ታውቃለች።

ሠላሳ ሰባት ቀን ያጠናሁት ስድብ ነበረኝ። አንዱም አልመጣልኝ አለ። «ለምን አልደወልሽልኝም?» ብቻ አልኳት።

«ደውያለሁ።»

«አትዋሺኝ!»

«ወላሂ ደውያለሁ እትዬ፣ ሦስት ጊዜ። አይጠራም። በነሐሴ የሱ ስልክ የተበላሸ ጊዜ፣ እንዳያስቡ ብዬ ስደውልልዎ ‹ልጄን ተይልኝ፣ ሁለተኛ በዚህ ስልክ እንዳትደውዪ› ብለውኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የኔ ቁጥር እርስዎ ጋ አይገባም።»

እውነቷን ነው። ቤዛን «የዚህችን ልጅ ቁጥር ዝጊልኝ» ያልኳት እኔ ነኝ። ልጄን ሃይማኖቱን ታስለውጥብኛለች ብዬ። ዘግቼው ረሳሁት። እንዴት ይረሳል? ረሳሁት።

«በሱ ስልክ ብትደውዪስ?» አልኳት። መሸነፍ አልፈለግኩም።

«ተሸክመነው ስንሮጥ ቤት ቀረ። የቤዛ ቁጥር የለኝም። ከዚያ ጋሽ ሙሉጌታ ጋ ደወልኩ።»

«ማን ሙሉጌታ?»

«ወንድምዎ። ልብስ ሰፊው። ታምራት ለዒድ ቀሚስ እሳቸው ጋ ወስዶ አሰፍቶልኝ ነበር፤ ቁጥራቸው አለኝ። ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም ነበር። ‹ታምራት በጣም ታሟል፣ እናቱን አሁኑኑ ይዘው ይምጡ› አልኳቸው። እያለቀስኩ ነበር። ‹እሺ ልጄ፣ በርቺ፣ እኛ እንነግራታለን› አሉኝ። ከዚያ ስልኬ ባትሪ ጨረሰ። ጠበቅንዎት።»

ጠበቅንዎት አለች።

«እስከ ስንት ሰዓት ነበረ?» አልኳት።

«የሱብሂ አዛን ሲል ነቃ። በጥጥ ከንፈሩን አረጠብኩለት። ‹እማዬ መጣች?› አለኝ። ‹መንገድ ላይ ናት› አልኩት። ዋሽቼው ነው እትዬ፤ አውፍ ይበሉኝ። መንጋት ሲጀምር አለፈ።»

አዛን ሲል እነሙሉጌታ በሬ ላይ ነበሩ። አዛን ሲል እኔ መሬት ላይ እየተንከባለልኩ ነበር። ልጄ ገና እየተነፈሰ፣ እኔን እየጠየቀ፣ እዚህ ደሴ መርዶውን አረዱኝ።

አውፍ፣ ይቅር ብዬሻለሁ፣ አላልኳትም። ተነስቼ ወጣሁ። መናኸሪያ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ሐያት ከራሴ ወጥታለች። ዛሬ አንድ ጊዜ ነው ያሰብኳት። ቦታዋን ግን ባዶ አልተወችውም። ሙሉጌታ ገብቶበታል።

እኛ ዘንድ ሰው ሞተ ተብሎ በስልክ አይነገርም። ታሟል፣ ጠንቶበታል ይባላል። የሰማው ሰው ገብቶት ሽማግሌ ይሰበስባል፤ ሐዘንተኛው ሌሊቱን ይተኛ ተብሎ ይተዋል፤ ሊነጋ ሲል መርዶ ይነገራል። እኔም ለሰው ሳረዳ እንዲሁ አድርጌአለሁ። ያቺ ልጅ ግን ታሟል ስትል ታሞ ነበር። እሱ የለመደውን ሰማ። ዘሐራም፣ አባም፣ ሽማግሌዎቹም ሞቷል ብሏቸው ነው የመጡት።

ይገባኛል። ስለገባኝ አልቀለለኝም።

ሦስት ሰዓት ላይ ብንነሳ አራት ሰዓት እደርስ ነበር። ከአራት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰባት ሰዓት ነው። ሰባት ሰዓት እጁን እይዘው ነበር። እኔስ ቁጥሯን ባልዘጋው? እሱን ከማሰብ ወደ ራሴ፣ ከራሴ ወደ እሱ እመላለሳለሁ። ትናንት አንዲት ልጅ ነበረች የምጠላት፤ ዛሬ ሁለት ሰው ሆንን። ይህንን የት ነው የማደርሰው? ልብ ይሰፋል ይላሉ፤ የኔ ሊፈነዳ ነው።

ሙሉጌታ የድንኳኑን ብረት በባጃጅ አመጣ። «እታለም፣ እዚህ ጋ ይሁን?» ይላል። አየሁት። ከስቷል። ሱሪው በገመድ ነው የታሰረው። ልብስ ሰፊ ሆኖ የራሱን ሱሪ አላጠበበውም። እስከዛሬ በሐዘን የከሳ መስሎኝ አዝንለት ነበር።


እሁድ፣ ኅዳር 29

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሙሉጌታ ግቢ ውስጥ ብቻውን ገመድ ይፈታል።

«ሐያት በስንት ሰዓት ነው የደወለችልህ?» አልኩት።

ገመዱ ከእጁ ወደቀ። «ነገረችሽ?»

«ነገረችኝ።»

የተጠቀለለው ድንኳን ላይ ቁጭ አለ። «ታለቅሳለች እኮ፣ እታለም። ታሟል፣ እናቱን አምጡ እያለች ታለቅሳለች። ታሟል ተብሎ ተለቅሶ ድኖ የሚያውቅ ሰው አለ? መልሼ ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። በቃ ሞቷል አልኩ። መጣሁ እዚህ ድረስ። በመስኮት አየሁ፤ መብራት ጠፍቷል። ከዛሬ ወዲያ እንዲህ አትተኛም፤ ለዛሬ ልተዋት አልኩ። ልራራልሽ ብዬ ነው።»

«ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?»

«በየቀኑ ልነግርሽ እመጣለሁ። በየቀኑ ልጅቷን ስትረግሚ እሰማለሁ። እርግማኑን እሷ ትሸከምልኝ አልኩ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ልጁን ያረዳሁት እኔ ነኝ። በቁሙ።»

እጄን አነሳሁ። ልመታው ነበር። አርባ ስምንት ዓመት የሆነው ሰው አንገቱን ደፍቶ እንደ ሕፃን ጠበቀኝ። እናታችን ገበያ ስትሄድ በጀርባዬ ያሳደግኩት ነው። አጥፍቶ ና ሲባል እንዲህ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚመጣው። እጄ ወረደ። ራርቼለት አይደለም፤ ደከመኝ። አንዷን ተሸክሜ ከርሜ፣ ደግሞ በሷ ቦታ ሌላ ልጫን? ጉልበት የለኝም።

«እኔ ጋ ቀድማ ደውላ ነበር» አልኩት። «ሦስት ጊዜ። ቁጥሯን ዘግቼባት ነበር።»

ቀና ብሎ አየኝ።  ከጎኑ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆየን። ዘሐራ በአጥር በኩል ብቅ አለችና «ይኼ ድንኳን ተቀምጣችሁበት ነው ወይስ ተቀምጦባችሁ ነው የሚያድር?» አለች።

«ተነስ፣ ትከለው» አልኩት።

ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩትም። ቃሉ እምቢ አለኝ። ምሳ ግን ከአንድ ትሪ በላን።

ማታ ቤዛን ቁጥሩን ክፈቺልኝ አልኳት። ደወልኩ። ሐያት አነሳችው። «ነገ አርባው ነው» አልኳት። «እሺ እትዬ» አለች። 


ሰኞ፣ ኅዳር 30

አለፈ። ሰው ሁሉ ሄዷል። ገና ፀሐይ አልጠለቀችም፤ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ሐያት ከአከራይዋ ጋር መጣች። በር ላይ ቆመው ነበር፤ መግባት ፈርታለች። ሄጄ በእጇ ይዤ አስገባኋት። የሰው ዓይን ዞረ። ይዙር። ጾም በመሆኑ የሙስሊም ማዕድ የክርስቲያን ማዕድ ተብሎ የሚለይ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ከአንድ ወጥ ነው የበላው። ሙሉጌታ ራሱ ምግብ አቀረበላት። ቸኩሎ ሽሮውን ቀሚሷ ላይ ጠብ አደረገባት። «ጋሽ ሙሉጌታ፣ የሰፉት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ያበላሹት፣ መብትዎ ነው» አለችው። ሳቅ ሊመጣበት ሲል አለቀሰ። ወደ ጓዳ ሄደ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። «አውፍ ብዬሻለሁ» አልኳት። «የዋሸሽውን። መንገድ ላይ ናት ያልሽውን። ደግ ነው ያደረግሽ።» እኔም አውፍ በይኝ ልላት ነበር። ቀድማ እጄን ያዘችኝ።

ከዚያ «ንገሪኝ» አልኳት። «ስለ ሞቱ አይደለም።»

ነገረችኝ። ሲያንኮራፋ በግድግዳው በኩል ይሰማት እንደነበር። ግድግዳውን ስትመታበት «አልተኛሁም፣ እያሰብኩ ነው» ይላት እንደነበር። ሽሮ ሠራሁ ብሎ ድስቱን እንዳሳረረ፣ ያረረውንም «የእናቴ እንዲህ ነው የሚሆነው» ብሎ እንደበላው።

«ውሸታም!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። «የኔ ሽሮ አርሮ አያውቅም!» ሰዎች ዞረው አዩኝ። ሳቅኩ። እየሳቅኩ ሳለሁ መጣልኝ። ፊቱ። ሲዋሽ አንድ ጉንጩን የሚነፋት ነገር አለችው፤ እሷ መጣችልኝ። በሐያት ፊት አልተጋረደም። ሐያት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ከፊቴ አልነበረችም። ያኔ አለቀስኩ። ለልጄ ነው ያለቀስኩት፣ ለሱ ብቻ። ዘሐራ ልታስቆመኝ ስትል ቤዛ «ተያት» አለቻት።

ዳንኩ አልልም። አሁንም ስጽፍ ከአራት እስከ አሥራ አንድ ያለው ሰባት ሰዓት መጥቶ እዚህ ወረቀቱ ላይ ተቀምጧል። ነገ ስነቃ ማን ቀድሞ እንደሚመጣብኝ አላውቅም፤ ልጄ ይሁን፣ ሙሉጌታ ይሁን፣ ያ የዘጋሁት ቁጥር ይሁን። እፈራለሁ። ዛሬ ግን አንድ ሰዓት ያህል ልጄ የኔ ሆኖ ዋለ።

ይህን ደብተር አንድ ቀን ቤዛ፣ ወይም ሌላ ሰው፣ ሊያነበው ይችላል። ያነበብከው፣ ያነበብሽው፣ ጥፋቱ የማን ነው ብላችሁ አትድከሙ፤ እኔ ደክሜበታለሁ። ይልቅ ለልጄ ጸልዩለት። ኪዳን ስታደርሱ ጥሩልኝ፤ የክርስትና ስሙ ኃይለ ገብርኤል ነው። ዱዓ የምታደርጉለትም ታምራት በሉት፤ እሱንም ይሰማል።